ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ

ጢስ ዓባይ ከተማ በገበያ ቀን ቶሎ ይሞላል። ከየቀበሌው የሚመጡት ሴቶች ጀርባቸው ላይ ጤፍ ወይም ዳጉሳ በማዳበሪያ አዝለው፣ በእጃቸው እግሯን የታሰረች ዶሮ አንጠልጥለው፣ እየተጠራሩ ይገባሉ። ፏፏቴውን ሊያይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው እንግዳ እነዚህን ሴቶች ብዙም ልብ አይላቸውም። ልብ የሚላቸው ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ ነጠላና የአንገት ልብስ ይዘው የሚከተሉትን ልጃገረዶች ነው።

ከገበያተኞቹ አንዳንዷ ግን ቀድማ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጎራ ትላለች። ተራዋ ሲደርስ ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ታወጣለች። ፌስታሉ ሲፈታ ጨርቅ፣ ጨርቁ ሲፈታ ደብተር ይወጣል። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው የመሬት ባለሙያ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው። ጉዳዩ በየዓመቱ ስለሚደጋገም ንግግሩም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው።

«እንዴት አደሩ እናቴ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና አደርክ ልጄ።»

«ዘንድሮም ለእኩል ሊሰጡት ነው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ፤ በሬ የለኝ፣ የሚያርስልኝ የለኝ።»

«ውሉን ለስንት ዓመት እናድርገው?»

«ለአንድ ዓመት። ከዚያ ካለፈማ ሰውዬው የራሱ ይመስለዋል።»

ደብተሩ «የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ» ይባላል። የማሳው ስፋት፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም፣ የባለይዞታው መብትና ግዴታ ተጽፎበታል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የሁለቱም ስም ይሰፍራል፣ የሁለቱም ጉርድ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ስለ ኢትዮጵያ የሴቶች መብት ንቅናቄ ሲወራ መጀመሪያ ትዝ የሚለን የማርች 8 በዓል (እኛ ዘንድ የካቲት 29 ነው)፣ የአዳራሽ ስብሰባ፣ ቲሸርትና መፈክር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ንቅናቄው በዚህ አገር ያፈራው ትልቁ ፍሬ በየገጠሩ ሳጥን ውስጥ የተቆለፉት እነዚያ ሁለት ፎቶዎች ናቸው። እዚያ ለመድረስ የተሄደው መንገድ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። አንዴ ወደፊት፣ አንዴም ዘመናዊነት በሚሉት ስም ወደ ኋላ ሄዷል።

ርስት በእናትም በአባትም

ጎጃም ውስጥ ርስት ከአባት ብቻ የሚወረስ ነገር አልነበረም። ሰው ርስቱን የሚቆጥረው በአባቱም በእናቱም፣ በአያቶቹም በቅድመ አያቶቹም በኩል ነው። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ድርሻ አላት፤ አግብታ ሩቅ አገር ብትሄድ እንኳ ድርሻዋ በስሟ ይቆያል፣ ልጆቿም በእሷ በኩል ይጠይቁበታል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሴትም ትዳሩ ሲፈርስ ያመጣችውን ይዛ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ የመውጣት ወግ ነበራት። ፍቺ ነውር ቢሆንም ብርቅ አልነበረም።

ይህን ነገር ከሌላው ዓለም ጋር ማስተያየት ደግ ነው። በእንግሊዝ ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም ይዛ እንድታስተዳድር ሕግ በሙላት የፈቀደላት በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ጊዜ አንዲት የሜጫ ወይም የአቸፈር ሴት በእናቷ በኩል የሚደርሳትን ርስት ይዛ ከአጎቷ ልጅ ጋር ችሎት ቆማ ልትሟገት ትችል ነበር።

ይህን ማለት ግን ያለፈው ሁሉ ወርቅ ነበር ማለት አይደለም። ርስት የሚጸናው ለሚሟገት ነው። ሙግት ደግሞ ገንዘብ፣ ዘመድና ጉልበት ይጠይቃል። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ተረት የተተረተው በከንቱ አይደለም፤ የእህቱን ድርሻ እያረሰ፣ ለዓመት በዓል አንድ ቁና እህል እየላከ የኖረ ወንድም ብዙ ነው። «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» ሲባልም ሚስት ከርስት ጎን የተሰለፈችው እንደ ባለቤት አይደለም፤ እንደ ንብረት ነው። ያቺው ሚስት ራሷ የርስት ባለቤት ሆና ሳለ! ደግሞም ርስት ሁሉንም አላቀፈም። በጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡት ወይጦዎች ርስት ከሚባለው ነገር ውጭ ኖረዋል። የወይጦ ሴት ለገበያ የምታወጣው ሰፌድና ቅርጫት እንጂ የምትሟገትበት ማሳ አልነበራትም። ዛሬም የመሬት ደብተር ታሪክ ሲተረክ እሷ ከታሪኩ ውጭ ናት።

ሐይቁ ዳር ሌላም ትዝታ አለ። ፏፏቴው አጠገብ ያለው አላታ ድልድይ በተሠራበት በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ የምትባል የመኳንንት ልጅ ነበረች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ የጦር አለቃ ነው። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲያዘነብል እሷ ባሏንም ንጉሡንም ትታ መነነች፤ ሸንጎ ፊት ቀርባለች፣ ተግዛለች። ከስደት ተመልሳ በጣና ዙሪያ ወንዶችም ሴቶችም ያሉባቸውን ማኅበራት መርታ በ1642 እ.ኤ.አ. አረፈች። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግዕዝ የጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እሷን በዛሬው አነጋገር የሴቶች መብት ታጋይ ማለት ዘመን ማምታታት ነው፤ የታገለችው ለሃይማኖቷ ነው። ነገር ግን «ባሌ ካዘዘ፣ ንጉሥ ካዘዘ» ያላለች ሴት በዚህ ሐይቅ ዳር እንደ ጻድቅ ስትታሰብ መኖሯ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ ክብራን ገብርኤል ደሴት ላይ ሴት መውረድ አይፈቀድላትም፤ እዚያው ጣና ላይ ግን ሴት ያስተዳደረቻቸው ገዳማት ነበሩ።

ባል የቤቱ ራስ ነው

ዘመናዊው የሴቶች ማኅበር ታሪክ ከአዲስ አበባ ይጀምራል። በ1935 እ.ኤ.አ. በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠረተ። ጣልያን ሲገባ ሴቶቹ ፋሻ ከመጠቅለል እስከ ዱር መውረድ ደረሱ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶችን ጨምሮ ለሕዝቡ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ ይህን በፌዴራል ደረጃ የፈቀደችው ከዚያ 16 ዓመት ቆይታ ነው። ከዚያ በተደረገው ምርጫ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ። እኚህ ሴት በጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የነበሩ፣ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ላይ የታሰሩ፣ ኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ናቸው። በሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሱ።

ከዚያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ በዘመናዊነቱ ይመሰገናል። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ የታወቁ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ቁጥር 635 ባል የቤተ ሰቡ ራስ እንደሆነ፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግጋል። መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነው። ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት እንደሆነም በግልጽ ሰፍሯል። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15።

ፈረንሳይ ራሷ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ የሚያደርገውን ድንጋጌ የሰረዘችው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ፈረንሳዊቷ ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ ሥራ እንድትይዝና የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት የተፈቀደላት በ1965። እንግዲህ በእናቷ ርስት ለምትሟገተው የጎጃም ሴት «ሥልጣኔ» ተብሎ የመጣላት ሕግ ከፓሪስ እስከ ባሕር ዳር ሚስት ለባል ትታዘዝ በሚለው የሚስማማ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን ባልን ከሚስት በላይ ያስቀምጥ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በፈረንሳዊው ላይ መከመር አይገባም፤ ረቂቁን መርምሮ ያጸደቀው ሐበሻ ነው። ግን ልማዱ ለድርድር ክፍት ትቶት የነበረውን ነገር ሕጉ በቁጥር አሰረው።

በነዚያው ዓመታት ባሕር ዳር ሌላ ለውጥ ታይቷል። በጣልያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ ኃይል ማመንጫ መብራት ሰጠው። ከፋብሪካው ደጃፍ በወር መጨረሻ የራሷን ደሞዝ ቆጥራ የምትወጣ ሴት ታየች። የኤሌክትሪክ መስመሩ ግን ከፏፏቴው ተነስቶ እንጨት በሚሸከሙት የጢስ ዓባይ ሴቶች አናት ላይ አልፎ ነበር የሚሄደው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትንም ጉልትንም አንድ ላይ ጠረገ። አዋጁ መሬት የሚሰጠው በጾታ ልዩነት ሳይደረግ ነው ይላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚያውቀው የቤቱን አባወራ ነው። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት እማወራ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች፤ ያገባችው ግን በባሏ ስም ሥር ገባች። በአያቶቿ ዘመን በዘር ቆጠራ የሚጠየቅላት ድርሻ ቀረ፤ በምትኩ የተሰጣት ባሏ በሕይወት እስካለና እስካልፈታት ድረስ የሚቆይ እንጀራ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር (አኢሴማ) እስከ ቀበሌ ወርዶ ሴቶችን አደራጅቷል፣ መሠረተ ትምህርት አስተምሯል። ነገር ግን የመንግሥቱ ክንድ ስለነበር መንግሥቱን የሚያስከፋ ጥያቄ አላነሳም። ደርግ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ።

ጠበቃዎቹ

አሁን ያለውን ለውጥ ያመጣው ትውልድ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሲረቀቅ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በተለይም በመሬት ጉዳይ ከወንድ እኩል እንደሆኑ ተጽፎ ገባ። በ1995 እ.ኤ.አ. መዓዛ አሸናፊና የሙያ አጋሮቿ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ከዚያም በላይ ሕጉ ራሱ እንዲለወጥ ይጎተጉታል። ቆይቶም ባሕር ዳርን ጨምሮ በክልሎች ቅርንጫፍ ከፈተ።

ማኅበሩን አገር ያወቀው በአበራሽ በቀለ ጉዳይ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ፣ አርሲ ውስጥ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ስታመልጥ ያሳደዳትን ጠላፊ በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። ማኅበሩ ቆሞላት ራሷን ስትከላከል መግደሏ ተረጋግጦ በነጻ ተለቀቀች። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ይለቀው ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያሳስራል።

ከዚያ በፊት፣ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ጸደቀ። «ባል የቤቱ ራስ ነው» ቀረ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ዳኞች ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ገባ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለከተማ ሰው ቀላል ይመስላል። የገጠር ሴት ግን ታውቀዋለች፤ የቤተ ዘመድ ዳኞቹ ብዙ ጊዜ የባሏ አጎቶችና ጎረቤቶች ነበሩ፣ ጉዳዩንም ዓመት ከዓመት ያጓትቱት ነበር። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ የአማራ ክልል የራሱን አዋጅ ቁጥር 79 በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ሴቶቹ ዝም ብለው አልጠበቁም፤ በ1993 ዓ.ም. በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት በመቃወም አዲስ አበባ ላይ እስከ ፓርላማ ሰልፍ ወጥተዋል። ማኅበሩ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታግዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተፈቀደለት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ሲከለክል የማኅበሩ ሒሳብ ታገደ፣ አብዛኛው ሠራተኛው ተበተነ። ያ አዋጅ የተሻረው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዜናው ዓለምን አዳርሷል። ጢስ ዓባይ ገበያ ላይ ግን የጤፍ ዋጋን ያህል አልተወራበትም ብል የሚቀየመኝ አይኖርም።

ፎቶ አንሺው ሲመጣ

ገበያው ያወራበት ሌላ ነገር ነው። የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቁጥር 46ን አወጣ፤ በ1998 በቁጥር 133፣ በ2009 በቁጥር 252 ተሻሻለ። የመሬት ምዝገባው በስዊድን መንግሥት ድጋፍ መጀመሪያ የተሞከረው በምሥራቅ ጎጃም ጎዛምንና በደቡብ ወሎ ደሴ ዙሪያ ነው። ከዚያ ወደ ክልሉ ሁሉ ሰፋ። በየቀበሌው ሕዝቡ የመረጠው የመሬት ኮሚቴ ገመድ እየጎተተ ማሳ ለማሳ ዞረ። ጎረቤት ለጎረቤት ድንበሩን እየመሰከረ ተጻፈ።

ሥራውን ያጓተተው አንዱ ነገር ፎቶው ነበር። ሕጉ የባልንም የሚስትንም ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ ገጠር ውስጥ ግን ፎቶ ቤት የት አለ? ፎቶ አንሺ ከከተማ ይመጣል፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ አንሶላ ይሰቀላል፣ ሰዉ በተራ ይቆማል። ባሎች ከገበያ ሲመለሱ አቧራቸውን አራግፈው ይነሳሉ። ሚስቶች አዲስ ሻሽ ያስራሉ፣ የአንገት ማተባቸውን ያስተካክላሉ፣ አንዳንዷ ከጎረቤት ነጠላ ትዋሳለች። በሕይወቷ ፎቶ ተነስታ የማታውቅ እናት ካሜራውን ስታይ ፊቷን በነጠላ ስትሸፍን «ግለጪው እንጂ እታለም፣ መሬትሽን ነው የምታስከለክይው» ትባላለች። ለመታወቂያ ሳይሆን፣ ለሠርግም ሳይሆን፣ ለመሬት ፎቶ መነሳት ማለት ይህ ነው።

ውጤቱን ለማየት ፍቺ መጠበቅ ያስፈልጋል። ድሮ በደርግ መዝገብ ስሟ የሌለ ሴት ስትፈታ ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች፤ ካልሆነም ባሕር ዳር ወርዳ ሰው ቤት ትቀጠራለች ወይም ጠላ ትጠምቃለች። አሁን ደብተሩ ላይ ያለች ሚስት ስትፈታ ማሳው ይካፈላል። ይህን የሚያውቅ ባል ሳይጣላ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ባሏ የሞተባት ሴትም የባሏ ወንድሞች ሲመጡባት የምታሳየው ወረቀት አላት። ምዝገባው የባለይዞታውን ስጋት እንደቀነሰ፣ ገበሬው እርከን ለመሥራት እንዳነሳሳው በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ትግራይ ውስጥ የተጠናው ደግሞ ለእኛ ነገር ይበልጥ ይቀርባል፤ ደብተር ያገኙ እማወራዎች «ቢወስድብኝስ» የሚለው ፍርሃት ስለቀለላቸው መሬታቸውን በድፍረት ማከራየት ጀምረዋል።

እዚህ ላይ መጀመሪያ ያየናቸው እናት «በሬ የለኝ፣ የሚያርስልኝ የለኝ» ማለታቸው ይመጣል። የመሬት ባለይዞታነቷ ተጽፎላት፣ ታትሞላት፣ ፎቶዋ ተለጥፎላት፣ የዚህ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ታርማለች፣ ትጎለጉላለች፣ ታጭዳለች፣ አውድማ ትለቀልቃለች፣ ዘሩን ትመርጣለች፤ ከበሬ ኋላ መሄድ ግን ነውር ነው። ስለዚህ ማሳዋን ለእኩል ትሰጥና ከምርቱ ግማሹን፣ መሬቱ ደከም ያለ ከሆነ ከዚያም ያነሰውን ታገኛለች። እኩል አራሹ ቀድሞ የሚያርሰው የራሱን ማሳ ነውና የእሷ በዘገየ ዝናብ ይዘራል። ሕጉ የሰጣትን ግማሽ እርፉ መልሶ ይወስደዋል።

ይህ የማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ ላለመሆኑ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ አውራ አምባ አለ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በዚህ ማኅበረሰብ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራም ይጋግራል። ልጆች በልጅነታቸው አይዳሩም፣ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት አለ። ጎረቤቶቹ ለብዙ ዓመት እንደ ከሃዲ ነበር ያዩአቸው፤ በደርግ መጨረሻ ላይ አካባቢውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዋል፣ በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው ተይዞ ጠበቃቸው። መሬቱ ስላነሳቸው ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ አዘነበሉ። ኋላ ላይ ከውጭ አገርም ከየዩኒቨርሲቲውም ጎብኚ ጎረፈላቸው። ጎብኝቶ፣ አድንቆ፣ ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ግን ሚስቱን እርፍ አላስጨበጠም። ምሳሌ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ደብተር የማይደርስላት ልጅ

ደብተሩ የሚጠብቀው አድጋ ያገባችዋን ሴት ነው። ሳታድግ የተዳረችዋን ማን ይጠብቅ? በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 15.7 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የአገሩ 17.1፣ የአዲስ አበባ 23.9 ነበር። ወላጅ ልጁን የሚድረው ስለሚጠላት አይደለም። «ልጄን ድሬ ልሙት» ይላል፤ «ቆማ ቀረች» እንዳትባል ይፈራል፤ የሁለት ቤተሰብ ከብትና መሬት ሊያዛምድ ይፈልጋል። ሕጉ ሲጠብቅ ሠርጉ በማኅበር ወይም በክርስትና ድግስ ስም ይደገስ ጀመር።

ዋጋውን ባሕር ዳር ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ካተሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያውን ማዕከል በ2005 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ባሕር ዳር ላይ ነው። ወደዚያ የሚመጡት ሴቶች ምጥ ለቀናት ጠንቶባቸው፣ መኪና ከሚገባበት መንገድ ርቀው የቆዩ ናቸው። ዳሌያቸው ሳይጠና ያረገዙት ልጆች ከነሱ መካከል አሉ። ሽንት መቆጣጠር ያቃታት ሴት ባል ይሸሻታል፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ወደ አገራቸው ይሸኛሉ።

ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ይሰባሰባሉ፣ ለትምህርት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል፣ ቤተሰቡ ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ከቆየ በግ ይሸለማል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር የማግባት ዕድላቸው አንድ አሥረኛ ብቻ ሆነ፣ ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድልም ሦስት እጥፍ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ከሌላው ቀበሌ እኩዮቻቸው ይልቅ በብዛት አግብተው ተገኙ። ብዙ ዘገባ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ይዘለዋል። እኔ ግን የሚነግረን ትልቅ ነገር ያለው እሱ ላይ ይመስለኛል፤ ወላጅ ልጁን ከ12 ወደ 16 ሊያቆያት ተስማማ እንጂ ወደ 18 አልተስማማም። ከ16 በኋላ የምትገባበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፣ ቤት ተከራይታ ብቻዋን መቀመጥ ሊኖርባት ነው፣ ስንቅ ማቀበል አለ፣ ፍርሃት አለ። በግ ይህን ሁሉ አይተካም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ያ ሁሉ የተገነባበትን መሠረት ነካው። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ ቀበሌና ፍርድ ቤት በብዙ ቦታ እንደወትሮው መሥራት አቃታቸው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን በገጠር ያስቆመው በተግባር የፖሊስ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። የልጃገረዶች ክበብ አባላት «ጓደኛችን ልትዳር ነው» ብለው ለመምህራቸው ሹክ የሚሉበት፣ መምህሩ ለርዕሰ መምህሩ፣ እሱም ለቀበሌ የሚያደርስበት መስመር ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መስመሩ ተቆረጠ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የደብር አለቆችና የዕድር ዳኞች፣ በየአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት በተከፈተ ማግስት የድሮውን የስም መጥሪያ አውጡ። ያልተመለሰችውን እያንዳንዷን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ የት እንዳለች ጠይቁ። የወንጀል ሕጉ አለ፣ አንቀጹ 648 ነው፤ ተፈጻሚ የሚሆነው ግን ልጅቷ መቅረቷን የሚያስተውል ሰው ሲኖር ነው። ባሎችም ደብተራችሁን ከሳጥን አውጥታችሁ እዩት፤ የሚስታችሁ ስምና ፎቶ ከጎደለ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይዛችኋት ሂዱ።